የሚያለቅሰው ጆንያ

«የኔታ በላቸው ጋኔን በጆንያ አዝለው ከኮምቦልቻ አመጡ» ተብሎ ደሴ ላይ የተወራው በ1930 ዓ.ም. ኅዳር ነው። ወሬውን የፈተሉት ከሰኞ ገበያ ወደ ቃሉ የሚወርዱ ሴቶች ናቸው። ሐረጎ አቀበት ላይ ተገናኘናቸው አሉ፤ ጆንያው ያለቅሳል አሉ፤ እንባው በጀርባቸው ወርዶ ተረከዛቸውን አርሶታል፣ ውስጡ ያለውም ነገር ህ... ህ... እያለ ይንሰቀሰቃል አሉ። ወሬው ፒያሳ ሲደርስ ጋኔኑ ሁለት ሆኖ ነበር። በማግስቱ ቀንድ አበቀለ። ቢስቲማ ሲገባ ደግሞ ጣሊያንኛ ይናገር ጀመር፤ የመጣበትም ጉዳይ ታወቀ፦ የኔታን ጥለው የሸሹትን ተማሪዎች በጆሯቸው እየጎተተ ሊመልስላቸው ነው።

ጋኔን አልነበረም። ጆንያው ውስጥ የነበረው በረዶ ነው፤ በረዶ ደግሞ ፀሐይ ሲያይ ያለቅሳል፣ ልማዱ ነው። ሲንሰቀሰቅ የተሰማውም በረዶው ሳይሆን የኔታ ራሳቸው ናቸው፤ ጀርባቸው ደንዝዞ ጥርሳቸው ከጥርሳቸው እየተማታ ነበር። ከወሬው ሁሉ ልክ የሆነው መጨረሻው ብቻ ነው። ተማሪዎቹን ለማስመለስ ነበር።

የኔታ በላቸው የወረባቦ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው አኩፋዳ አንጠልጥለው ለትምህርት ከቤት ሲወጡ ቅናታቸው አብሯቸው ወጣ። የቆሎ ተማሪ ሳሉ አንዱን ጓደኛቸውን ውሻ ነከሰው። የመንደሩ ሴቶች አዝነው ለዚያ ልጅ ቁራሹን በሁለት እጅ ይሰጡት ጀመር። በላቸው ሳምንቱን ሙሉ ባታቸውን ገልጠው በዚያው ውሻ ፊት ሲመላለሱ ሰነበቱ፤ ውሻው ጠግቦ ነው መሰል ፊቱን አዞረባቸው። ዲያቆን ሲሆኑ በድምፀ መልካሞቹ ቀኑ። ሲያገቡ በሙሽሪት ቀኑ፤ ሰው ሁሉ እሷን ያይ ነበርና። ሙሽሪት አረጋሽ ነበረች፤ ይህንን የባሏን ጠባይ በሠርጓ ቀን አይታ፣ እንደ ቤቱ አንድ ምሰሶ ቆጥራ፣ ዙሪያውን እየዞረች መኖር ለመደች።

ማስተማሩን ግን ይችሉበታል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከወይራው ሥር፣ ሃያ ሦስት ልጆች ነበሯቸው። አለንጋቸው ከቅርንጫፉ ላይ የምትወርደው ለአመል ብቻ ነው። ከፊደሉና ከዳዊቱ በላይ የሚወዱት ልጆቹ ሲጠይቋቸው ነበር። አንድ ልጅ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ «የኔታ፣ ጨረቃ ለምን ትከተለኛለች?» ያላቸው እንደሆነ ፊታቸው ቅባት እንደተቀባ ያበራል። ካወቁት ያብራራሉ። ካላወቁት ጉሮሯቸውን ጠርገው «ይህ የትርጓሜ ቤት ነገር ነው፤ ስታድግ ትደርስበታለህ» ይላሉ። ልጁም የሚያድግበትን ቀን እየናፈቀ ይሄዳል። እንዲህ ሆኖ ሃያ ዓመት ኖሩ፤ በዚያ አገር «ለምን?» የሚለው ቃል የሚነገረው ለእሳቸው ብቻ ነበር።

ሙሄዲን እስኪመጣ ድረስ።

ሙሄዲን የሐርቡ ሰው ነው፤ ዕድሜው ሠላሳን ያለፈ፣ ጥርሱ ከከንፈሩ የማይሰወር። ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት አንድ ፈረንጅ ኮምቦልቻ ላይ በረዶ የሚሠራ መኪና ተከለ፤ ፒያሳ ያሉት ሹማምንት የሚጠጡት ሁሉ ቀዝቃዛ ይሁን ስላሉ። ሙሄዲን እዚያ ተቀጠረ። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ከበረዶው ጋር በካሚዮን ተጭኖ ደሴ ይወጣል። ካሚዮኑ ሲራገፍ ስብርባሪ ይወድቃል፣ ልጅ ይሰበሰባል፣ ሙሄዲንም ስብርባሪውን በየመዳፋቸው ያስቀምጣል።

«ምንድን ነው የያዝከው?» ይላል።

«ድንጋይ።»

«ጨብጠው እንግዲህ። ቢስሚላህ በልና ጨብጠው።»

ልጁ ይጨብጣል፣ ይንጫጫል፣ እጁን ሲከፍት ውሃ ነው። ሙሄዲን ያንን ውሃ በጣሳ ይቀበልና አቀበት ሲገፋ በጋለው የካሚዮን አፍንጫ ላይ ያፈስሰዋል። ውሃው ሽ... ብሎ ጉም ሆኖ ይወጣል።

«አሁንስ?»

«ጠፋ።»

«አልጠፋም፣ ልብስ ለወጠ። ያው አንዱ ውሃ ነው። ሲበርደው ይደርቃል፣ ሲሞቀው ይፈስሳል፣ ሲብስበት ይበራል። አንተስ ሲበርድህ ትኮራመት የለ?»

ማክሰኞና ዓርብ ከወይራው ሥር አራት ልጅ ብቻ ይቀር ጀመር። ሁለቱ እግራቸው ቆስሎ ነው።

የኔታ መጀመሪያ ናቁት። «በረዶ ከሰማይ ይወርዳል እንጂ ከመኪና አይወጣም» አሉ። ከዚያ አንድ ረቡዕ፣ አራቱን ባሕርያት እያስቆጠሩ ሳለ፣ መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስ፣ እሳት ሲባል፣ ሸዋረጋ የምትባል የቄሱ ልጅ፣ ከሴት ብቸኛዋ ተማሪያቸው፣ እጇን አነሣች።

«የኔታ፣ ድንጋይ የሆነ ውሃ ከአራቱ የቱ ነው?»

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህ የትርጓሜ ቤት...»

«ውሃ ነው፤ ልብስ ለውጦ ነው» አለ ደጉ ከኋላ። ደጉ የነጋዴ ልጅ ነው፣ ሲናገር አይተነፍስም። «የኔታ ሙሄዲን ነግሮናል።»

የኔታ ሙሄዲን። ያቺ ቃል ወይራውን አናወጠችው ቢባል ውሸት ነው፤ ወይራው ምንም አልሆነም። የኔታ በላቸው ግን ያን ዕለት ምሳ አልበሉም። የሰው ቁራሽ፣ የሰው ድምፅ፣ የሰው ጥምጥም ቀንተውበታል፤ ያ ሁሉ የሰው ነበር። ይህ ግን ሃያ ዓመት የለበሱት የራሳቸው ስም ነው፤ አሁን ጫማ እንኳ በሌለው በአንድ በረዶ ተሸካሚ ትከሻ ላይ አዩት። እሳቸውም ጫማ የላቸውም፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት ትዝ አላላቸውም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹን ሰብስበው «ማክሰኞ ከወይራው ሥር የተገኘ፣ ፒያሳ የማይታይ ነገር ያያል» አሉ። ምን እንደሆነ አልተናገሩም። ሰኞ ወፍ ሲንጫጫ ባዶ ጆንያ በጋቢያቸው ሥር ደብቀው በአቋራጭ ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ።

ያሰቡት ከፈረንጁ ሊለምኑ ነበር። በሩ ላይ ያገኙት ግን ሙሄዲንን ነው። ተመልሰው ሊሄዱ ሲሉ እጃቸውን ይዞ ጉልበታቸውን ሳመ።

«የኔታ፣ እርስዎ እዚህ ድረስ! ልጆቹ ስለ እርስዎ የማይሉኝ የለ። የሁሉንም እግር ኮቴ ሳያዩ ያውቁታል አሉ፣ ወላሂ?»

«አውቃለሁ።»

«ማሻላህ። ታዲያ ምን ሀጃ ገጠመዎት?»

የኔታ ሰማይ ሰማዩን እያዩ፣ እግረ መንገዳቸውን እንደሆነ፣ ለአንድ ለታመመ ሰው እንደሆነ፣ ሕመሙም ትኩሳት እንደሆነ ተናገሩ። ሙሄዲን አንድም ቃል ሳይጠይቅ የሙቀጫ ግማሽ የሚያህል በረዶ ከነሰጋቱራው ጆንያው ውስጥ ከተተላቸው። «ሰጋቱራውን አያራግፉት፤ እሱ ነው ብርዱን የሚይዝለት። ከእሳትና ከፀሐይ ያርቁት። ደግሞ ለምን በእግርዎ? ነገ ጠዋት በካሚዮኑ ከእኔ ጋር...»

«አይሆንም!» አሉ የኔታ። ከሙሄዲን ጎን ተቀምጠው ፒያሳ ሲገቡ፣ ደጉ ከፊት ቆሞ ሲያያቸው ታይቷቸው ነበር።

ሰውየው ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀልላቸው ነበር። ቦርከናን እስኪሻገሩ ድረስ አንድ ጉድለት ፈለጉለት፤ ያገኙት ቢኖር ደጋግሞ መሳቁን ብቻ ነው። ከዚያ ሐረጎ መጣ። አህያ እንዳይከራዩ ባለ አህያው ምን እንደጫኑ ይጠይቃል። ስለዚህ በዳዊት ቤት የተከበረ ጀርባቸው ጆንያ ተሸከመ። ፀሐይ ከፊት ታቃጥላቸዋለች፣ በረዶው ከኋላ ያቃጥላቸዋል። በየጠመዝማዛው ለማክሰኞ ያዘጋጁትን ንግግር ያጠኑ ነበር፦ «ልጆቼ፣ ውሃ በብርድ ይጸናል፣ በሙቀት ይፈታል፣ በእሳት ይበንናል...» ገበያተኞቹ ሴቶች ያገኟቸው እዚህ ላይ ነው። ሰላም ቢሏቸው የኔታ ለመመለስ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ህ... ህ... ብቻ ነበር።

ቤት ሲገቡ ፀሐይ የጦሳን ተራራ ተደግፋ ነበር። ጆንያውን ከጓዳው ጥግ፣ ቀዝቃዛው መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ምንድን ነው፣ የኔታ?» አለች አረጋሽ።

እውነቱን ቢናገሩ «ከየት አመጡት?» ትላለች። «ከሙሄዲን» ማለት ሊመጣ ነው። እሷም ውሃ ስትቀዳ ለሴቶቹ ታወራለች፤ ደሴ ሁሉ የኔታ ከሙሄዲን በረዶ ለመኑ ሊል ነው።

«አሞሌ ነው» አሉ። «እንዳትፈቺው።»

ለአረጋሽ ከሠርጋቸው ወዲህ ሳይጠየቁ ያመጡላት የመጀመሪያ ነገር ነው፤ ያውም ጨው፣ ያውም በዚህ ጊዜ። ያን ማታ ቅቤ ቀብታ እግራቸውን አሸችላቸው። የኔታም በውሸታቸው ምክንያት የተገኘውን መታሸት በእውነት ተደሰቱበት።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ጆንያውን ዳበስ አደረጉት። ጥቂት ቢቀንስም እንደ ድንጋይ ነው። ፈገግ ብለው ለኪዳን ወጡ። እሳቸው እንደወጡ አረጋሽ ተነሣች፤ ጆንያውን ስታይ ሥሩ ረጥቧል።

የጨው ነገር የታወቀ ነው። አሞሌ መሬት ከነካ እርጥበት ይበላዋል፤ ጭስ ካላገኘ ያለቅሳል፤ ስለዚህ ማንኛዋም የባልትና ወግ የምታውቅ ሴት ጨውዋን ከምድጃው በላይ ከጣራው አንጠልጥላ ታደርቃለች። «ወንድ ልጅ» አለች አረጋሽ ለብቻዋ፣ «ጨው ተሸክሞ ሐረጎን ይወጣና መሬት ላይ ያስቀምጠዋል።» እንዳትፈቺው ስለተባለች አልፈታችም። እንዳለ አንሥታ ከምድጃው በላይ ከሚገኘው መንጠቆ ላይ ሰቀለችው። ከሥሩ የጾሙን ንፍሮ ጣደች። ጨው ቶሎ እንዲደርቅላትም እሳቱን ጨመረችበት።

ከወይራው ሥር ሃያ ሦስቱም መጥተዋል። የኔታ ሁለት ጊዜ ቆጠሯቸው፤ ቁጥሩ ጣፋጭ ነበር። ቀና ሲሉ ደግሞ ከልጆቹ ጀርባ ሙሄዲን ቆሟል።

«ካሚዮንህስ?»

«ፒያሳ ቆሟል። ዛሬ አንድም ልጅ አልመጣልኝም፤ ወዴት ሄዱ ብዬ እግራቸውን ተከትዬ ነው፣ የኔታ። እኔም ካላስቸገርኩ ልማር።»

አንድም ልጅ አልመጣልኝም። የኔታ ያቺን ቃል አጣጥመው አኘኳት። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ለበሽተኛው ወሰድኩት ያሉትን ረስተው፣ «ተከተሉኝ» አሉ፤ ልጆቹንም ሙሄዲንንም አስከትለው ወደ ቤታቸው አመሩ።

ደጃፉ ላይ ሳሉ ነው የሰሙት። ጠብ... ሽ...። ጠብ... ሽ...። ከቤቱ ውስጥ ጉም የመሰለ ነገር በበሩ ይወጣል። የኔታ ዘለው ገቡ፤ ልጆቹም ከኋላቸው ግድግዳውን ሞሉት። ጆንያው ከእሳቱ በላይ ተንጠልጥሎ በአራት በኩል ያለቅሳል። አረጋሽ ጉንጯን ይዛ ቆማለች። ወደ ጉልቻው የሚወርደውን ጠብታ በጣቷ ተቀብላ ቀመሰችው።

«የኔታ፣ አታለሉዎት። ጨውነት የለውም። ማነው የሰጠዎት?»

የኔታ ጣራ ጣራውን አዩ። ሙሄዲን ከበሩ አጠገብ ሳል ሳል አለ። «እኔ ነኝ፣ እትየ።»

«አንተ ሰው፣ በዚህ ሳቅህ ሽማግሌ ታታልላለህ?»

«በረዶ እኮ ነው፣ እትየ አረጋሽ!» አለ ደጉ። «ጨው አይደለም።»

አረጋሽ ጆንያውን አየች። ሙሄዲንን አየች። በመጨረሻ ባሏን አየች። «አሞሌ ነው አላሉኝም?»

የኔታ ሐረጎን ሙሉ ያጠኑትን ንግግር እዚህ ላይ ቢጀምሩት ሊያድናቸው እንደሚችል ታያቸው። «ልጆቼ» አሉ፣ «ውሃ በብርድ...»

ጠብ... ሽ...

«እትየ» አለች ሸዋረጋ፣ ዓይኗን ከጉልቻው ሳትነቅል። «ያ ውሃ የት ገባ?»

ለአረጋሽ ነው የጠየቀችው። የኔታ የልጆቹን ብቻ ሳይሆን የጥያቄንም ኮቴ ሳያዩ ያውቃሉ፤ ይቺኛዋ ወዴት እንደሄደችም አወቁ።

«ወዴት ይገባል» አለች አረጋሽ፣ ገና በጨውዋ ነገር እንደተናደደች። «ከንፍሮዬ እስትንፋስ ጋር ወጣ።»

«ከወጣስ በኋላ?»

«እንዲህ ነዋ።» የድስቱን ክዳን አንሥታ ገለበጠችው። ከውስጥ በኩል ጠብታዎች እንደ ዶቃ ተደርድረዋል። አንዷ ተንሸራታ ሸዋረጋ እጅ ላይ ወደቀች። «ክዳን አገኘና በረደው፤ ሲበርደው ተመልሶ ይወርዳል። ካልወረደ ንፍሮዬ ያርርብኝ አልነበር? ይህን የማታውቅ ሴት አለች?»

ሙሄዲን ልጆቹን በክርኑ ገለል እያደረገ ቀርቦ ክዳኑን በሁለት እጁ ተቀበለ። ከላይ ጆንያውን፣ ከመሐል ጠብታውን፣ ከታች ጉሙን፣ እንደገና ክዳኑን አየ። ጥርሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰውሮ ነበር።

«ወላሂ፣ እትየ» አለ፣ «በረዶ ቤት መንፈቅ ሙሉ ስሠራ ሲሄድ እንጂ ሲመለስ አላየሁትም። መንገዱ ሁሉ እዚህ ምድጃ ላይ ነው ለካ።»

ከዚያ ጥያቄ ዘነበ። እትየ፣ ጤዛስ ከየት ነው? እትየ፣ ስንተነፍስ ጠዋት ጠዋት የሚጨሰው? እትየ፣ ጦሳ ላይ የሚቀመጠው ጉም የማን ድስት ነው? የመጨረሻው የደጉ ነው።

«እሱን አላውቅም» አለች አረጋሽ። «እግዜር የጣደው ይሆናል። እኔ የማውቀው የራሴን ድስት ነው።»

የኔታ ይህን ሲሰሙ ልጆቹ ይንቋታል ብለው ጠበቁ። ደጉ ግን ቀረብ አላትና «እኔም አላውቅም» አለ፣ የልብ ወዳጅ እንዳገኘ ሰው። የኔታ ሰባት ጥያቄ ቆጥረዋል፤ ሰባቱም ለእሷ። በሕይወታቸው በብዙ ነገር ቀንተዋል፤ በ«አላውቅም» ሲቀኑ ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ሃያ ዓመት «ስታድግ ትደርስበታለህ» እያሉ የሸሿት ቃል እንዲህ በቀላሉ የምትባል ኖራለች? ሰውም ብሏት አይሞትም?

ከዚያን ቀን ወዲህ ማክሰኞና ዓርብ ከወይራው ሥር ልጅ አልጎደለም። ልጆቹ ፒያሳ መሄድ ስላላስፈለጋቸው ነው፤ ሙሄዲን ስብርባሪውን በጣሳ ይዞ ራሱ ይመጣል፤ ዳዊቱ ሲያበቃ ሁሉም ወደ አረጋሽ ምድጃ ይጎርፋሉ። ፒያሳ ላይ «የኔታ ሙሄዲን» የሚለው ሰው ጠፋ፤ ሙሄዲን ራሱ ከልጆቹ ጋር ዱካ ላይ ተቀምጦ «እትየ» ይላል። የኔታ በላቸው የፈለጉትን ሁሉ አገኙ ማለት ነው፦ ሃያ ሦስቱን ልጅ፣ ስማቸውን፣ ያውም ተቀናቃኛቸውን በተማሪነት። ያልተመለሰችው «ለምን?» ብቻ ነች። እሷ ወይራውን አልፋ፣ በእሳቸው በር ገብታ፣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ቀረች።

አረጋሽ ስለ አሞሌው አንድ ጊዜ ብቻ አንሥታባቸዋለች። እግራቸውን ስታሽ «ያን ማታ የቀባሁት ቅቤ» አለች፣ «እሱም ልብስ ለውጦ ሄደ ማለት ነው» ብላ ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም።

በዓመቱ ኅዳር፣ አዲስ ልጆች መጥተው ምድጃውን ከበቡ። አንዱ ክዳኑ ሥር ያሉትን ጠብታዎች አይቶ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሸዋረጋ እንደ ትልቅ ሰው ሆና ታስረዳዋለች፤ ሙሄዲን ጣሳውን ይዟል፤ አረጋሽ ንፍሮውን ታማስላለች። የኔታ ከመቃኑ ተደግፈው ጀርባቸውን ያሻሉ፤ ኅዳር ሲመጣ ያቺ የጆንያዋ ቦታ ታማቸዋለች።

«የመጀመሪያውን ግን» አሉ፣ «ሐረጎን በጀርባዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

አረጋሽ ክዳኑን እያነሣች ነበርና፣ ሁሉም ወደዚያው ጎንበስ ብሏል።